ኬንያንጊ እና የተደበቀችው ላም

ኬንያንጊ ሰው ፊት ስትናገር ከትከሻዋ ላይ ያጣፋችውን ጨርቅ ጫፍ ወደ አፏ ታስጠጋለች። ድምፅዋ ከጨርቁ ስር ስለሚወጣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው እንኳ «ምን አልሽ?» ማለቱ አይቀርም። ታዲያ ደግማ ከመናገር ዝም ማለት ይቀላታል። ቢሆንም በኒያቡሾዚ ኮረብታዎች መካከል ባለችው በሩካራራ መንደር ይህችን ዝምተኛ ሴት የማያውቅ አልነበረም። ሰርግ የደገሰ ሰው ዳሱን ሳይጥል ወደ እሷ ይልካል። የሚፈልገው ክንዶቿን ነው።

በዚያ አገር ሴት ስትጨፍር ክንዶቿን ወደ ላይ አንስታ ቀንድ ታደርጋቸዋለች። ወንዶቹ ፊት ለፊቷ ምድሩን በእግራቸው እየደለቁ ሲዘሉ እሷ እንደ ላም ረጋ ብላ ትራመዳለች፤ አንገቷን ሰበቅ፣ ጉልበቷን ሸብረክ ታደርጋለች። ሴቶቹ ሁሉ ላም ይመስላሉ። ኬንያንጊ ግን በክንዶቿ የምታወጣው አንዲትን የታወቀች ላም ነው፤ የእገሌን ላም፣ በስሟ የምትጠራውን። ዱላቸውን ተደግፈው ዳሱ ጥግ የቆሙ እረኞች ገና ሁለት እርምጃ ስትራመድ «ይህችማ የእነ እገሌ ቡሬ ናት» ይላሉ። «የለም፣ እናቷ ናት» የሚል ይነሣል። ክርክሩ ከጭፈራው ጋር ይሞቃል። ኬንያንጊ ስትጨርስ አንገቷን ደፍታ ወደ ሴቶቹ መሃል ትገባና ጨርቋን አፏ ላይ ትይዛለች፤ «ማን ነበረች?» ብለው ሲጠይቋት በአገጯ አንዱን ተከራካሪ ትጠቁማለች። የተጠቆመው ሰው ያን ቀን ሲኩራራ ይውላል።

ነገሩ የጀመረው በአይን አፋርነቷ ነው ይባላል። ልጅ ሳለች ከብት ሲገባ የበረቱን በር የምትጠብቀው እሷ ነበረች። አባቷ ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው «ማን ገባች?» እያሉ ከሩቅ ይጠይቃሉ። መልሱ መጮህ ይፈልጋል፤ አባቷ ዘንድ ደግሞ እንግዳ ጠፍቶ አያውቅም። ኬንያንጊ በእንግዳ ፊት ከምትጮህ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ክንዶቿን አነሣችና የገባችውን ላም ቀንድ ሠራችላቸው። አባቷ ሳቁ። «አሃ፣ ያቺ አመለኛ ገብታለች!» አሉ። ትክክል ነበር። በማግስቱም ጠየቋት፣ በማግስቱም ክንዶቿን አነሣች። ከዚያ ወዲያ እንግዶቹ የዳጉሳ ጠላቸውን ይዘው «እስቲ አሁን ደግሞ ማን ናት?» እያሉ ሲጫወቱ ያመሹ ጀመር። ልጅቱም እንዳትሳሳትባቸው ብላ ከብቱን አጥብቃ ማየት ለመደች። ቀንዱን ብቻ ሳይሆን ጆሮውን፣ የአንገቱን አያያዝ፣ ዝንብ ሲያርፍበት የሚያደርገውን፣ በሩ ላይ ሲደርስ የትኛውን እግር እንደሚያስቀድም ታያለች።

አድጋ ተዳረች። ልጅ ሳትወልድ ባሏ ሞተባትና ወደ ታናሽ ወንድሟ ወደ ሩታሬምዋ ቤት ተመለሰች። የእሱን የመጀመሪያ ልጅ፣ ኮቡሲንግዬን፣ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ጠዋት ታልባለች። ከዚያ ከእንጨት የተቦረቦሩትን የወተት ዕቃዎች በሣር ጭስ ታጥናለች፤ ለእያንዳንዱ ሾጠጥ ያለ ክዳን ከስንደዶ ትሰፋለች። ስፌቷ እንደ ራሷ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ምንም የለበትም፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ጥቁርና ነጩ ጥለት እንዴት ተገናኝቶ እንደተለያየ መጨረሻውን ማግኘት ያስቸግራል።

ሲመሽ የመንደሩ ልጃገረዶች ይመጡባታል። በረቱ በር ላይ ታቆማቸውና ከብቱ እስኪገባ ትጠብቃለች።

«ክንድሽን ገና አታንሺ፤ መጀመሪያ እዪ» ትላለች።

አንድ ቀን ክዮኩንዳ የምትባል ቀበጥ ልጅ «አክስቴ፣ እኔ እኮ አይቻለሁ» አለቻት።

«ምን አየሽ?»

«ቀንድ።»

«የማንን?»

ልጅቱ ዞራ ከብቱን ተመለከተች።

«ቀንድማ ፍየልም አላት» አለች ኬንያንጊ ከጨርቋ ስር። ልጃገረዶቹ በሳቅ ፈረሱ። ክዮኩንዳ ለሳምንት ያህል «ፍየሊቱ» እየተባለች ብትጠራም በሰርግ ቀን ግን ክንዶቿ ከጓደኞቿ ሁሉ በልጠው ተገኙ።

የሚታየው ቀንድ ግን ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። የመንደሩ ሰው የአባቶቹን ባለ ረጅም ቀንድ ከብት እየሸጠ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ላም መግዛት ጀምሮ ነበር። የፈረንጅ ላም ብዙ ትታለባለች፤ ቀንዷ ግን ገና በጥጃነቷ ይተኮሳል። ሩታሬምዋም እንደ ጎረቤቶቹ አደረገ። ወተት የሚሰበስበው መኪና ደጁ ድረስ ይመጣለታልና አልተጸጸተም። ከአባቱ ከብት ዘር ያልሸጣት አንዲት ላም ብቻ ነበረች፤ ኪያሻ።

ኪያሻ ቀይ ዳማ ነች፤ ግንባሯ ላይ የአውራ ጣት የምታህል ነጭ ቦቃ አለባት። ቀንዶቿ ከጆሮዎቿ በላይ ወደ ጎን ከተዘረጉ በኋላ ቀስ ብለው ወደ ሰማይ ይታጠፋሉ፤ የግራው ጫፍ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል። ስትራመድ ራሷን ወደ ግራ ትንሽ ታዘነብላለች፤ አንድ ነገር ከርቀት የሰማች ትመስላለች። ከኬንያንጊ በቀር ሌላ ሰው ሲያልባት ወተቷን ትይዛለች። ሩታሬምዋ እሷን «የአባቴ መታሰቢያ» ይላታል። ኬንያንጊ ምንም አትላትም፤ ስታልባት ግን ግንባሯን ጎኗ ላይ ታሳርፋለች።

ኮቡሲንግዬ አስተማሪ ሆና ከሌላ ኮረብታ ላለ ሰው ታጨች። የሙሽራው አባት ሽማግሌው ካጅዌንግዬ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የሚያጣፍጡ፣ ከብት ሲያዩ አይናቸው የሚሰላ ሰው ናቸው።

ሙሽሪት ከአባቷ ቤት የምትሸኝበት ቀን ሲቃረብ ሩታሬምዋ ወደ እህቱ መጣ። ኬንያንጊ የወተት ዕቃ አጎንብሳ ታጥን ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን አፍሽ ውስጥ ይቅር።»

«ከአፌ የወጣ ነገር መቼ ኖሮ?»

«ካጅዌንግዬ ኪያሻን ሊጠይቁኝ ነው። ለጥሎሹ የመጡ ጊዜ አይናቸውን ከእሷ ላይ መንቀል አቅቷቸው ነበር።»

ኬንያንጊ ዕቃውን ከጭሱ ላይ አነሣች። «ስሟን ያውቃሉ?»

«የማንን ላም ስም ነው የማያውቁት! ሰውዬው እኮ የሚስታቸውን ስም ረስተው የላሟን የሚያስታውሱ ናቸው። በሽኝት ቀን ደግሞ የሙሽራው አባት በረት ውስጥ ያለችን ላም በስሟ ጠርቶ ከለመነ እንቢ አይባልም፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ስለዚህ በረት ውስጥ አትገኝማ!»

ነገሩን ሁሉ አስቦ ጨርሶት ነበር። ኪያሻ ከሸለቆው ማዶ ወዳለው ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሙጋሩራ በረት ትሄዳለች፤ ለጠየቀ ሰው «ሩቅ ግጦሽ ወርዳለች» ይባላል። ሽኝቱ ሲያልፍ ትመለሳለች።

«አንቺ ደግሞ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በዚያን ቀን ኪያሻን እንዳታወጪ። የምታወጪው በየማታው የምታያትን ላም እንደሆነ ማንም ያውቃል። ክንድሽን ካዩ ላሟ እዚሁ ቅርብ እንዳለች ይገባቸዋል።»

«ታዲያ ማንን ላውጣ?»

«ላም ጠፋና ነው? ከላሞቹ አንዷን።»

«ያላየኋትን አላወጣም።»

«እዪያ! ማን ከለከለሽ?»

ኬንያንጊ እሺ አለች። ማታለሉ ደስ አላላትም፤ ኪያሻ ከበረቱ ለሁልጊዜው ስትወጣ ማየት ግን ከዚያ የባሰ ነበር።

ኪያሻን በወሰዷት በሦስተኛው ቀን ሙጋሩራ እያነከሰ መጣ። «እትዬ ኬንያንጊ፣ እንግዳሽን ነይና አናግሪያት። ሚስቴን ረገጠቻት፤ ልጄን ረገጠቻት፤ እኔንማ ተዪኝ። ወተቷንም ይዛ አድራለች። ላም ደብቅ አላችሁኝ እንጂ ነብር ደብቅ መቼ አላችሁኝ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኬንያንጊ በየማታው ሸለቆውን እየተሻገረች ኪያሻን ታልባለች። የሙጋሩራ ከብት ሲገባ እሷ በረቱ በር ላይ ናት። ከከብቱ መሃል ጋጁ የምትባል ዳለቻ ላም አይኗን ሳበቻት። ቀንዶቿ ልክ አንድ ሰው እጆቹን ዘርግቶ «ና» እንደሚል ወደ ጎን ሰፍተው የተዘረጉ ናቸው፤ ወደ ላይ የሚመለሱት ጫፋቸው ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው። ትንሽ ትራመድና ቀኝ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ አንገቷን ወደ ኋላ ትመልሳለች፤ ኋላ የቀረ ጥጃ ያላት ይመስል። ጥጃ ግን የላትም።

«ይህችን አወጣለሁ» አለች ኬንያንጊ ለራሷ። አንገት አመላለሷን እስክታገኝ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ክንዶቿን ዘርግታ ነበር የምትሄደው። ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች አይተዋት «ኬንያንጊ አበደች እንዴ?» ተባባሉ። አንዷ ግን ቆማ ካየቻት በኋላ «አላበደችም፤ የሙጋሩራ ላም ናት» አለች።

የሽኝቱ ቀን ዳሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የዳጉሳ ገንፎ በትልልቅ ሰፌድ ቀረበ፤ እሻብዌ የሚባለው ነጭ የቅቤ ማባያ በየሸክላው ተቀድቶ ተሰጠ። የሙሽራው ወገን በአንድ በኩል፣ የሙሽሪት ወገን በሌላ በኩል ትይዩ ተቀመጠ። ሙሽሪት ኮቡሲንግዬ ፊቷ ተሸፍኖ ከአክስቷ አጠገብ ነበረች። ሙጋሩራም እንደ ጥሩ ጎረቤት ከፊት ተቀምጦ ወተት ይጠጣል።

ሽማግሌው ካጅዌንግዬ የሚበላው ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ሩታሬምዋ፣ እዚህ ቤት ኪያሻ የምትባል ላም ነበረች፤ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት አባቴ። ሩቅ ግጦሽ ወርዳለች።»

«እንዲያ ነው? እዚህ ሣር ጠፍቶ ኖሯል? እኔ ስመጣ እስከ ጉልበቴ ነበር።»

«እሷ... ሣር ትመርጣለች።»

«ልክ ነህ፤ ቆንጆ ሁሉ መራጭ ነው» አሉ ሽማግሌው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሩታሬምዋም ከሁሉ ይልቅ ጮክ ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ጭብጨባው ተጀመረ። ወንዶቹ ምድሩን መደለቅ ሲጀምሩ አቧራው እስከ ጉልበታቸው ተነሣ። ክዮኩንዳና ጓደኞቿ ቀድመው ገቡ፤ ቀጥሎ ኬንያንጊ ጨርቋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ወጣች። ክንዶቿን ወደ ጎን ሰፋ አድርጋ ዘረጋች፤ ጣቶቿ ብቻ ወደ ሰማይ ተመለሱ። ሦስት እርምጃ ሄደችና ቀኝ ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ አንገቷን ወደ ኋላ መለሰች። ቀጥላም እንዲሁ። ሩታሬምዋ ከወዲያ ሆኖ በእፎይታ ራሱን ነቀነቀላት። ኪያሻን የሚመስል ነገር የላትም ነበር።

ሽማግሌው ካጅዌንግዬ ግን ከመቀመጫቸው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ከአይናቸው በላይ ጋረዱ። ከዚያ ዱላቸውን አነሡ።

«አንድ ጊዜ አቁሙልኝማ!»

ጭብጨባው ተቋረጠ። ኬንያንጊ ክንዶቿ እንደተዘረጉ ቆመች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሽማግሌ ስለሆንኩ ነገር ቶሎ አይገባኝም። ይህች ላም የዚህ ቤት አይደለችም። እናቷን ለሙጋሩራ ለወዳጅነት የሰጠሁት እኔው ነኝ። እናቷም እንዲህ ነበር አንገቷን የምትመልስ። የገዛ ላሜን ልጅ አጣታለሁ?»

«አያጧትም!» አሉ እረኞቹ ከዳሱ ጥግ።

«መልካም። አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። የዚህ ቤት አክስት በየማታው የምታያትን ላም ነው የምታወጣ ሲባል እሰማለሁ። እንግዲያ የራሷ ወንድም በረት እያለ፣ በየማታው ሙጋሩራ በረት ምን ታደርጋለች?»

አይን ሁሉ ሙጋሩራ ላይ አረፈ። ሙጋሩራ ወተቱ ትን አለውና ሳል ጀመረ። ሳሉ አልቆም አለ። ጎረቤቱ ጀርባውን ይመታው ያዘ።

«ቀስ በል ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ላም የዋጥክ ትመስላለህ።»

ሳቁ ዳሱን ሊያፈርሰው ደረሰ። የሙሽራው ወገን ጭናቸውን እየመቱ፣ የሙሽሪትም ወገን ፊታቸውን እየሸፈኑ ሳቁ። ከመሸፈኛዋ ስር ሙሽሪትም ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየ። ሩታሬምዋ ግን ፊቱ ጠቆረ። ከአማቹ ላም መደበቁ በስንት ሰው ፊት ወጣበት! ኬንያንጊ ክንዶቿን አወረደች። ወንድሟን ያዋረደችው እሷ ናት። ያን ያህል ተጠንቅቃ፣ ያን ያህል አይታ ባታወጣት ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ካጅዌንግዬ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ሩታሬምዋ፣ አትፈር። እኔም በወጣትነቴ ሁለት ላም ደብቄያለሁ፤ አንዷን የደበቅኩባትን ዋሻ ራሴ አጥቼው ነበር። የተደበቀች ላም ስም አልጠራም፤ ደግ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። አክስቲቱ ኪያሻን ታውጣልኝ። ካየኋት በኋላ ከመቀመጫዬ ሳልነሣ ብቀር ላሟ ያንተው ናት፤ ሁለተኛ አላነሣትም። ያስነሣችኝ እንደሆነ ግን ስሟን እጠራለሁ።»

«ይሁን!» አለ ሕዝቡ ከሁለቱም ወገን።

ሩታሬምዋ እህቱን ውሃ እንደሚሰጣት ሰው ተጠጋት። «እትዬ፣ አደራሽን» አለ በጆሮዋ። «ክንድሽ ደከም ይበል። ደክማለች ነው የሚባለው፤ ማንም አይፈርድብሽም። የአባታችን ላም እኮ ናት።»

«ገብቶኛል» አለች ኬንያንጊ።

በእርግጥም ገብቷት ነበር። አንድን ክንድ ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ አንገትን አጉል ማዞር፣ ቶሎ መተንፈስ፣ ከዚያ በቃኝ ብሎ መቀመጥ ነው። ላሟ ማታ ወደ በረቷ ትመለሳለች፤ እሷም ግንባሯን ጎኗ ላይ አሳርፋ ታልባታለች። ስለ ራሷ ስም ግድ አልነበራትም። «አረጀች» ቢሏትም ያረጀች ሴት መሆኗን ታውቃለች።

ጭብጨባው ለስለስ ብሎ ተጀመረ። ኬንያንጊ ክንዶቿን አነሣች። የግራውን ዝቅ ልታደርገው አሰበች። ያኔ አይኗ ዳሱ ጥግ በቆሙት እረኞች ላይ አረፈ። አንዳንዶቹ ከሩቅ ኮረብታ የመጡ፣ ኪያሻን ሰምተው እንጂ አይተው የማያውቁ ናቸው። ዛሬ ያዩትን ይዘው ይሄዳሉ። ሩካራራ ውስጥ አንዲት ኪያሻ የምትባል ላም አለች፣ የግራ ቀንዷ የወደቀ፣ አረማመዷ የከሳ፣ ብለው በየበረቱ ያወራሉ። ላሟ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከሸለቆው ማዶ ቆማ ታመሰኳለች፤ ምንም አላጠፋች። ኬንያንጊ በሕይወቷ ሰው አምታ አታውቅም ነበር። ላም እንዴት ታማለች?

የግራ ክንዷ ከፍ አለ። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ዘንበል አሉ።

ከዚያ በኋላ ያዩት ሰዎች ሲናገሩ የሚሉት ይለያያል። አንዱ ላሟን በረቱ በር ላይ ቆማ ሽታ ስትለይ አየኋት ይላል። ሌላው አቧራውን ሳታስነሣ ነው የተራመደችው ይላል። ራሷን ወደ ግራ አዘንብላ፣ ከርቀት የሰማችውን ነገር እንደገና ለመስማት ስትቆም፣ የሚደልቁት ወንዶች አንድ በአንድ እግራቸውን አሳርፈው ቆሙ። ማንም አላዘዛቸውም። ጭብጨባው ብቻ ቀረ፤ እሱም እየቀጠነ ሄደ። ኬንያንጊ በዚያ ጸጥታ ውስጥ አልፋ ወደ ሙሽሪት ሄደች። ላም ከግጦሽ ስትመለስ ጥጃዋን እንደምታሸት አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ክንዶቿን ግን ሳታወርድ፣ ፊቷ በተሸፈነው ልጅ ራስ ላይ ተነፈሰች። ኮቡሲንግዬ አለቀሰች።

ሽማግሌው ካጅዌንግዬ ቆመው ነበር። መቼ እንደተነሡ ራሳቸውም አላወቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዱላቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ በአገሩ ወግ ላም የሚያወድሱበትን ቃል አሰሙ።

«ኪያሻ! ግንባሯ ላይ ጎህ የሚቀድባት፣
ወንዝ ስትሻገር ውሃው ቆሞ የሚያሳልፋት፣
ጥጃዋን ስትጠራ የሰው ልጅ ‹አቤት› የሚላት!»

ሰው ሁሉ ወደ ሩታሬምዋ ዞረ። እሱ ግን እህቱን እያየ ነበር። ኪያሻን ከጥጃነቷ ጀምሮ የሚያውቅ፣ ጠዋት ማታ ከጎኗ የሚያልፍ ሰው፣ ላሟን ገና ዛሬ ያያት ይመስል አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ከዚያ ዱላውን አነሣና የኪያሻን እናት ስም፣ የአያቷን ስም፣ የአያቷንም እናት ስም እስከ አባቱ የመጀመሪያ ላም ድረስ እየጠራ አወደሰ። መጨረሻ ላይ ዱላውን አወረደ። «ሂጂ! ከልጄ ጋር ሂጂ» አለ።

የሙሽሪት ወገን እልልታውን አቀለጠው። ኬንያንጊ ወደ ሴቶቹ መሃል ገብታ ጨርቋን አፏ ላይ ያዘች።

ኪያሻ የተወሰደችው ሽኝቱ ካለፈ በኋላ በአንድ ጠዋት ነው። ሊወስዷት የመጡትን ወጣቶች ስለረጋገጠቻቸው ኬንያንጊ ራሷ እየመራች እስከ አዲሱ ቤት አደረሰቻት። እዚያም ላሟ በረቱን እስክትለምድ ሰነበተች። የካጅዌንግዬ ምራቶችና ልጆች ማታ ማታ በሩ ላይ እየተሰበሰቡ ኪያሻን ያይዋት ነበር። ኬንያንጊ ልትመለስ ስትነሣ አይኗ እርጥብ ሆነ።

«አክስቴ!» አለች ኮቡሲንግዬ ወገቧን ይዛ። «እኔን ስትሸኚ አንድ እንባ ሳታወጪ ለላሟ ታለቅሻለሽ?»

«አንቺማ አፍ አለሽ፤ ብትራቢ ትናገሪያለሽ» አለች ኬንያንጊ።

ቤቷ የደረሰችው ረፋዱ ላይ ነው። ሩታሬምዋ በረቱ ውስጥ ከፈረንጅ ላሞቹ መሃል ቆሞ ነበር። የወተት መኪናው አልፎ ሄዷል። ሰላም ከተባባሉ በኋላ አንድ ነገር ሊናገር ፈልጎ ዙሪያውን ዞረ፤ ስለ ዝናብ አወራ፤ ሙጋሩራ እግሩ እንደዳነለት ነገራት።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ። «ያን ቀን ‹ገብቶኛል› ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬህ ነበር።»

«ታዲያ?»

ኬንያንጊ ጨርቋን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ከዚያ መልሳ አወረደችው። «ከሩቅ የመጡት እረኞች እኮ አያውቋትም» አለች።

ሩታሬምዋ ራሱን ነቀነቀ። የተቆጣ አልመሰለም። አንዷን ጥቁርና ነጭ ላም ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። «አሁን ማታ ስገባ በሩ ላይ አይኔ ይፈልጋታል። እንግዲህ... ማለቴ...» ጎልማሳው ሰውዬ እንደ ልጅ አፈረ። «አንድ ጊዜ ብታወጪልኝስ? ሰው እንኳ የለም።»

«አሁን? ያልታጠኑት ዕቃዎች እየጠበቁኝ?»

«ይጠብቁ።»

ኬንያንጊ ዙሪያዋን ተመለከተች። ማንም አልነበረም። ከአዲሱ ቤት ይዛ የመጣችውን የወተት ዕቃ ክዳኑን አስተካክላ ደረቅ ቦታ ላይ አስቀመጠች። እጆቿን በጨርቋ ጠረገችና ክንዶቿን አነሣች።